ልጁ መቼ ሸና?

ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን አዝላ ጤና ኬላ የደረሰች እናት ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው ሳትጠየቅ ትናገራለች። ሽንቱን ግን ካልጠየቋት ብዙ ጊዜ አታነሣም። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ደግሞ ቀድሞ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ሽንት ነው። ለዚህ ነው «ልጁ መቼ ሸና?» የሚለው ጥያቄ በየጤና ኬላው የመጀመሪያው መሆን አለበት ብዬ የማምነው።

እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ ማጣሪያዎቹን ይዞ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አይበቅልም። ልጁ በተቅማጥና በትውከት ውኃው ሲያልቅ ወደ ኩላሊቱ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ሽንቱም እያነሰ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ፈሳሹ ከተተካለት ኩላሊቱ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። ከዘገየ ግን የኩላሊቱ ሕዋሳት ራሳቸው መሞት ይጀምራሉ።

ሐኪሞች ጉዳቱን የሚለዩት በደም ውስጥ ባለው ክሬያቲኒን የሚባል ቆሻሻ መጠንና በሽንት ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሰዓት ከ5 ሚሊ ሊትር በታች እየሸና ስድስት ሰዓት ካለፈው የጉዳቱ መስፈርት ተሟልቷል። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። እናት ቤቷ ሆና ይህን መለካት አይጠበቅባትም። ጠዋት የታሰረለት ጨርቅ እስከ ከሰዓት ደርቆ ከቆየ «ጥርስ ሲያወጣ ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በአራት አህጉራት 32 የፅኑ ሕሙማን ክፍሎችን ያካተተ ጥናት፣ እዚያ ከተኙት ሕፃናትና ወጣቶች ሩብ ያህሉ ይህ ጉዳት እንደሚያገኛቸው አሳይቷል። እነዚያ ልጆች የተኙት መሣሪያ በተሟላበት ክፍል ነው። በእኛ አገር ገጠር ግን ልጁን የሚያገኙት ተቅማጥ፣ ወባና ኢንፌክሽን ናቸው፤ አብዛኞቹም በጊዜ ከተደረሰባቸው የሚድኑ ናቸው። ለምሳሌ በአማራ ክልል ካለው ከአንኮበር ደጋ ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ ወባም ይከተላል። ደጋው ላይ ደግሞ እከክ አለ፤ ይህ ብዙም የማይወራለት የኩላሊት ጠላት ነው። የታከከው ቆዳ ይቆስላል፤ ቁስሉ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሲገባበት ይመግላል። ቁስሉ ከታየ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ የልጁ ፊት ጠዋት ጠዋት ሊያብጥ፣ ሽንቱ የሻይ ወይም የኮካ ኮላ መልክ ሊይዝ፣ የደም ግፊቱም እስኪያንቀጠቅጠው ሊወጣ ይችላል። ቤተሰቡ «ብርድ መታው» ይላል፤ ከወር በፊት የነበረውን እከክ ማን ያስታውሳል? በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር በአማራ ክልል የተዛመተው እከክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል። እከክን ማከም ኩላሊትን ማዳንም ነው።

አንኮበር በባህል መድኃኒት የታወቀ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በወረዳው ሰውን ለማከም የሚያገለግሉ 135 የዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። ይህ ሊከበር የሚገባው ዕውቀት ነው። ነገር ግን ለአዋቂ የተለመደው መጠን ውኃው ላለቀ ሕፃን ሊከብደው ይችላል፤ የሕፃን ኩላሊት የሚያስወግደውን መጠን በግምት ማወቅ አይቻልም። ለዘመናዊው መድኃኒትም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ውኃው ያለቀን ልጅ ኩላሊት ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ 70 ያህል ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ያለቁት በዳይኤቲሊን ግላይኮል የተበከለ የሳል ሽሮፕ ጠጥተው ነው።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የመጀመሪያው መድኃኒት ኦአርኤስ ነው። የአንድ ሊትሩ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጥና ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል፤ ከዚንክ ጋር። ሽንቱ ቆሞ ሰውነቱ ያበጠ ልጅ ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ ፈሳሽ ማብዛት ሳንባውን ሊሞላው ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ደብረ ብርሃን ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሕክምና ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

ኩላሊቱ ጨርሶ ሥራ ሲያቆም ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ልብንም ሊያቆም ይችላል። ያን ጊዜ እጥበት ያስፈልጋል። እጥበት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደም እያወጣ የሚመልሰውን ማሽን ነው። ለትንሽ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሻለው በሆድ በኩል የሚደረገው ነው። በእምብርት አካባቢ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ስኳርና ጨው ያለበት ንጹሕ ፈሳሽ በቱቦው ወደ ሆድ ዕቃ ይወርዳል። አንጀትን የሸፈነው ስስ ሽፋን ወንፊት ሆኖ ቆሻሻውን ከደም ወደ ፈሳሹ ያሳልፋል፤ ስኳሩ የተጠራቀመውን ውኃ ይስባል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ፈሳሹ ይወጣና በአዲስ ይተካል። ፈሳሹን የሚያወርደውና የሚያወጣው የመሬት ስበት ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። ዋናው አደጋ ኢንፌክሽን ነው፤ ስለዚህ ከማሽን ይልቅ የታጠበ እጅና የሠለጠነ ነርስ ይፈልጋል። የክልል ሆስፒታሎቻችን ለልጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊይዙት የሚገባው ሕክምና ይህ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ድንገት የታመመው ልጅ የሚያስፈልገው ግን የራሱ ኩላሊት እስኪነቃ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሚያሻግረው ነገር ነው።

ድኖ ቤቱ የገባ ልጅም ክትትል አያጣ። ከሦስት ወር በኋላ ሽንቱና የደም ግፊቱ መታየት አለባቸው፤ ለዚህ ብቻ ደብረ ብርሃን ድረስ መመላለስ አያስፈልግም፣ ጤና ጣቢያው ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው ለልጅ ክንድ የሚስማማ የግፊት መለኪያ ማሰሪያ ነው፤ የአዋቂው ከታሰረለት ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያልና።