ስምንት መቶ ሃምሳ ምሽት

(ድምፅ፦ ሰው የሞላበት አዳራሽ ጫጫታ፤ ጊታር ሲቃኝ፤ ከቅርብ የካሴት መቅጃ ክዳን ቀጭ ብሎ ሲዘጋ)

ተራኪ፦ ጊዜው ኦክቶበር 1984 ነው። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቦታው የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ፣ አንድ የቴአትር አዳራሽ ውስጥ። ከድምፅ ባለሙያው ጀርባ ባሉት መቀመጫዎች የተቀመጡ ሰዎች ረጃጅም ዘንጎች አቁመዋል። በየዘንጉ ጫፍ ማይክራፎን አለ፤ ከማይክራፎኑ የወረደው ሽቦ ደግሞ ካሴት መቅጃ ውስጥ ይገባል። ሰዎቹ ጋዜጠኞች አይደሉም፤ ሙዚቃ አሳታሚም አልላካቸውም። ለቀጂዎች ተብሎ የተለየ ቦታ ተሰጥቷቸው የገቡ አድናቂዎች ናቸው።

በሌላ ባንድ ኮንሰርት ላይ እንዲህ ሲያደርግ የተያዘ ሰው ካሴቱን ተነጥቆ ይባረር ነበር። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሮክ ባንድ ግን ቦታ ከለለላቸው። አድናቂዎቹ ከዚያ በፊትም ለዓመታት፣ አንዳንዴ ተደብቀው አንዳንዴ እየታዩ፣ ሲቀዱ ኖረዋል። የባንዱ መሪ ጊታሪስት ጄሪ ጋርሲያ ስለዚህ ሲጠየቅ አቋሙ አጭር ነበር፦ እኛ ተጫውተን ከጨረስን በኋላ ሙዚቃው የእነሱ ነው።

ይህ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ባንዱ ብቻ አይደለም። ባንዱን ተከትለው፣ ቀድተው፣ ሰድረውና ጠብቀው ለዛሬ ስላደረሱት አድማጮች ነው።

(ሙዚቃ፦ የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ከንግግሩ ሥር ይገባል)

ተራኪ፦ ባንዱ የተመሠረተው በ1965 ፓሎ አልቶ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። ጋርሲያ በጊታር፣ ቦብ ዊር በሁለተኛው ጊታር፣ ፊል ሌሽ በቤዝ፣ ቢል ክሮይትዝማን በድራም፣ ፒግፔን እየተባለ የሚጠራው ሮን መከርናን በኦርጋንና በድምፅ። በኋላ ሁለተኛ ድራመር፣ ሚኪ ሃርት፣ ተጨመረ። በ30 ዓመት ውስጥ ከ2,300 በላይ ኮንሰርቶች አቀረቡ። በአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ከምርጥ አሥሮቹ ውስጥ የገባላቸው ግን አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ «ተች ኦፍ ግሬይ»፣ ያውም በ1987፣ ባንዱ 22 ዓመት ከሞላው በኋላ።

ታዲያ ሬዲዮ ብዙም ያላጫወተው ባንድ ስታዲየም የሚሞላው በምን ኃይል ነበር?

መልሱ መድረኩ ላይ ነው። ግሬትፉል ዴዶች ወደ መድረክ ሲወጡ የሚጫወቱትን ዝርዝር ወስነው አይወጡም ነበር። አንዱ ዜማ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። አምስት ደቂቃ የሚበቃው ዘፈን ሃያ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ቅርጹ ይፈርስና ወዴት እንደሚያመራ እነሱም ሳያውቁት ይቆያሉ፤ ከዚያ በድንገት ሌላ ዘፈን ሆኖ ይወጣል። አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ማሲንቆ የያዘው ሰው ትናንት ያለውን ዛሬ አይደግመውም፤ የዛሬውን ከዛሬው ሰው ፊት ላይ ያነሣዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ስድስት ሰባት ሰዎች ባንድ ላይ፣ በአሥር ሺዎች ፊት የሚያደርጉት መሆኑ ነው።

እንዲህ የሚጫወት ባንድ ይሳሳታል። ግጥም ይረሳል፤ ሽግግሩ ይበላሻል፤ አንዳንድ ምሽት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደብዛዛ ሆኖ ያልቃል። አድናቂው ይህን ያውቃል፤ አውቆም ይመለሳል። የሰማዩ በር የሚከፈትባትን ምሽት የሚያገኛት ያልተከፈተባቸውንም ጭምር የተገኘ ሰው ነውና።

ከእነዚህ አድናቂዎች በቁመትም በስምም ቢል ዋልተንን የሚበልጥ አልነበረም። 2 ሜትር ከ11 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። በ1977 ከፖርትላንድ፣ በ1986 ከቦስተን ጋር የአሜሪካን የኤንቢኤ ዋንጫ አንስቷል። ባንዱን መከታተል የጀመረው ገና ትምህርት ቤት ሳለ ነበር፤ በ2024 በ71 ዓመቱ እስከሞተበት ድረስም አልተወም። ከ850 በላይ ኮንሰርቶች ላይ ተገኝቷል። በየአዳራሹ ከሕዝቡ በላይ ብቅ የሚለው ራሱ ከመድረክ ይታይ ስለነበር ሙዚቀኞቹ መምጣቱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። እኔ ስለ ዋልተን ሳስብ የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። በራሱ ሙያ ጫፍ የደረሰ፣ ሚሊዮኖች የሚያጨበጭቡለት ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሌሎች ለማጨብጨብ መሰለፉ ነው።

(ድምፅ፦ የካሴት ክር ወደኋላ ሲጠመጠም፤ ቆሞ እንደገና ሲጀምር)

ተራኪ፦ አሁን ወደ ካሴቶቹ እንመለስ። አንድ ኮንሰርት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ይፈልጋል። ቀጂው ጥበቡን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው፤ ዘፈን መሃል ላይ ክሩ እንዳያልቅበት፣ ባንዱ መሣሪያውን ለመቃኘት ትንፋሽ በሚወስድባት ቅጽበት ካሴቱን መገልበጥ አለበት። አጠገቡ የሚጨፍር ሰው ሲጮህ ድምፁ አብሮ ይቀረጻል። ስለዚህ በማይክራፎኖቹ አካባቢ ሰው ሲያወራ በጨዋ ደንብ ዝም እንዲል ይጠየቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ አይሸጥም። አንድ ሰው ከሌላ ከተማ አንድን ምሽት ከፈለገ ባዶ ካሴቶችና የመመለሻ ቴምብር ይልካል፤ ባለ ካሴቱ ቀድቶ ይመልስለታል። የሚያቀርበው የራሱ ቅጂ ካለውም ይለዋወጣሉ። በአዲስ አበባ ካሴት ቤቶች ዘፈን ያስቀዳችሁ አድማጮቻችን የምታውቁት ነገር አለ፤ ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ ሽ... የሚለው ድምፅ እየበዛ፣ ዘፈኑ እየራቀ ይሄዳል። ለዚህ ነው በልውውጡ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ይህ ከዋናው ስንተኛው ቅጂ ነው?» የነበረው። አድናቂዎቹ በየምሽቱ ምን እንደተጫወተ መዝግበው «ዴድቤዝ» የተባለ ወፍራም መጽሐፍ በ1987 አወጡ። ቀን፣ ከተማ፣ አዳራሽ፣ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል። ማንም ያላዘዛቸውን የታሪክ ጸሐፊነት በራሳቸው ገንዘብና ጊዜ ሠሩት።

የዚህ ጥበቃ ዋጋ በአንድ ምሽት ይታያል። ሜይ 8 ቀን 1977፣ ኢታካ፣ ኒው ዮርክ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ። በሜይ ወር፣ ያውም በረዶ እየጣለ። ከባንዱ የድምፅ ሠራተኞች አንዷ የነበረችው ቤቲ ካንተር ጃክሰን ከድምፅ ማቀላቀያው በቀጥታ በትልቅ ክር ቀረጸችው። በዚያ ሙያ ሴት እምብዛም በማይታይበት ዘመን ጆሮዋ የተመሰከረላት ባለሙያ ነበረች። ዓመታት አልፈው ችግር ሲገጥማት ክሮቿን ያስቀመጠችበት መጋዘን ኪራይ ሳይከፈል ቀረ፤ በ1986 ዕቃው በጨረታ ተሸጠ። ክሮቹን ከገዙት አንዳንዶቹ ምን እንደያዙ እንኳ አያውቁም ነበር። ከፊሉ እርጥበት ወደሚያገኘው ቦታ ተጥሎ ተበላሸ። አድናቂዎች ፈልገው አገኙት፣ አጽድተው ጠገኑት፣ ቀድተውም አሰራጩት። የኮርኔሉ ምሽት ከቤት ወደ ቤት የዞረው ባንዱ ሳያሳትመው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ድምፆች መዝገብ ውስጥ ሲያስገባውም ገና በይፋ አልታተመም ነበር። በአልበም የወጣው በ2017፣ ልክ በ40 ዓመቱ ነው።

እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሸማች ሊባል አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ባንዱም ተረድቶት ነበር፤ ዲክ ላትቫላ የተባለውን አጥባቂ የካሴት ሰብሳቢ አምጥቶ የክር ክፍሉን ቁልፍ ሰጠው። በ1993 የጀመረው «ዲክስ ፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም ስሙን የወረሰው ከእሱ ነው።

(ሙዚቃ፦ ሁለት ድራሞች እየተቀባበሉ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ባንዱ አድናቂዎቹን የጠራቸው በ1971 ባሳተመው አልበም ሽፋን ላይ ነው። ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ እንዲጽፉለት አድራሻ አወጣ። ደብዳቤው ጎረፈ። ከ1983 ጀምሮ ትኬቱንም ራሱ በፖስታ መሸጥ ጀመረ፤ አድናቂው የሚፈልገውን ቀን በካርድ ጽፎ ከፖስታ ሐዋላ ጋር ይልካል። ፖስታው ከብዙ ሺህ ፖስታዎች መሃል ዓይን እንዲገባ ሰዎች በቀለምና በሥዕል ያስጌጡት ጀመር። የተረፉት ዛሬ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ከአዳራሹ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ገበያ ይቆማል። ዝንጉርጉር ካናቴራ፣ የተጠበሰ ዳቦ በአይብ፣ የእጅ ጌጥ። አንድ ሰው የዕለቱን ሽያጭ ለነገው ከተማ ቤንዚን ያደርገዋል። ትኬት ያጣው ደግሞ አንድ ጣቱን ቀስሮ በሕዝቡ መሃል ይዞራል፤ የተረፈው ሰው በነፃ እንዲሰጠው።

በዚያው ሜዳ ላይ አደንዛዥ ዕፅም ነበር፤ ብዙ ወጣት ጎድቷል፣ እስር ቤትም አስገብቷል። ጋርሲያ ራሱ ከሄሮይን ጋር ለዓመታት ታግሏል። ይህን የምናነሣው ግን አድናቂዎቹ ለዚህ የሰጡት ምላሽ ስላለ ነው። ከመጠጥና ከዕፅ የተላቀቁ ሰዎች «ዋርፍ ራትስ» በሚል ስም ተሰባስበው በየኮንሰርቱ ቢጫ ፊኛ ያቆሙ ነበር። በሁለቱ ክፍለ ጊዜያት መሃል ባለው ዕረፍት ከፊኛው ሥር ይገናኛሉ። ሱሱን ትቶ ሙዚቃውን መተው ያልፈለገ ሰው በሺዎች መሃል ብቻውን እንዳይሆን። መስማት የተሳናቸው አድናቂዎችም የራሳቸው ቦታ ነበራቸው፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከፊታቸው ቆሞ፣ እነሱ ፊኛ በእጃቸው ይዘው፣ የሌሽን ቤዝ በመዳፋቸው ይሰሙታል።

ከ1987ቱ ዘፈን በኋላ ግን የሚመጣው ሰው ከአቅም በላይ ሆነ። በጁላይ 1995 በኢንዲያና ትኬት የሌላቸው ሰዎች አጥር ጥሰው ገቡ፤ የማግስቱ ኮንሰርት ተሰረዘ። ከሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 9፣ በቺካጎ ሶልጀር ፊልድ የመጨረሻቸውን ተጫወቱ። ኦገስት 9 ጋርሲያ በ53 ዓመቱ አረፈ። ቀሪዎቹ አባላት ግሬትፉል ዴድ በሚለው ስም መጓዛቸውን አቆሙ።

አድናቂዎቹ አላቆሙም። ካሴቶቹ ወደ ኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ገቡ፤ ማንም ሰው አንድን ቀን መርጦ ማዳመጥ ይችላል። ባንዱ በ2005 ከማቀላቀያ የተቀዱትን ከዚያ ሲያስነሣ ተቃውሞው ከባድ ሆነ፤ ቢያንስ እንዲሰሙ ተመልሰው ተከፈቱ። በኦገስት 2025፣ በባንዱ 60ኛ ዓመት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ ሦስት ቀን በቀረበው ኮንሰርት ላይ ጋርሲያ ሲሞት ያልተወለዱ ልጆች ተገኝተዋል። እነሱም ስለ 1977ቱ የኮርኔል ምሽት እዚያ እንደተገኘ ሰው ይከራከራሉ።

(ድምፅ፦ ጭብጨባ፤ ዜማ ያለው፣ ያልፈጠነ)

ተራኪ፦ ከሺዎቹ ቅጂዎች ዛሬ ልናሰማችሁ የመረጥነው በግብፅ የተቀዳውን ነው። በሴፕቴምበር 1978 ባንዱ በራሱ ወጪ ወደ ግብፅ ሄዶ ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ ሥር፣ ሦስት ምሽት ተጫወተ። አድናቂዎች ከአሜሪካ ተከትለውት በረሩ፤ ዋልተንም ነበረ። የመጨረሻው ምሽት በእኛ መስከረም 6 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋረደች፤ ያው ግርዶሽ በእኛም ሰማይ ላይ ነበር። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳት በዚያ ሰዓት ከእስራኤል ጋር ለሰላም ድርድር ካምፕ ዴቪድ ነበሩ፤ ስምምነቱ የተፈረመው በማግስቱ ነው።

በሙዚቃ ሚዛን ጉዞው አልተሳካም። ክሮይትዝማን እጁ ተጎድቶ ነበር፤ ፒያኖው በአግባቡ አልተቃኘም። ወጪውን ይሸፍናል የተባለው አልበም ተሰርዞ እስከ 2008 ሳይታተም ቆየ። እኔ ግን ከዚያ ቅጂ አንዱን ክፍል ከብዙ እንከን የለሽ ምሽቶች አስበልጬ እወደዋለሁ። ሐምዛ ኤል ዲን፣ የአስዋን ግድብ ውኃ ከሸፈነው ከኑቢያው ቶሽካ መንደር የመጣው ሙዚቀኛ፣ ከኑቢያውያን ጋር ሆኖ በእጅ ጭብጨባና ታር በተባለው ከበሮ ይጀምራል። ቅኝቱ እንደ እኛዎቹ አምስት ድምፅ ነው፤ ጆሯችሁ ወዲያው ያውቀዋል። ጭብጨባው ሳይቋረጥ የጋርሲያ ጊታር ከሩቅ ይገባል፤ ሐምዛና ሰዎቹ ቦታውን ሲለቁ ባንዱ «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ውስጥ ገብቷል። ጊታሩ የሚገባባትን ቅጽበት ጠብቁ። መጀመሪያ የምትሰሙት በጣም ዝቅ ብሎ ነው።

(ሙዚቃ፦ የጊዛው ቅጂ፤ ከጭብጨባው ይጀምራል፤ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ይሄዳል)