ከፋይበሩ እስከ ቺፑ፦ የመዳብ የመጨረሻዋ ስንዝር

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ ወዲያ ጎሮ አካባቢ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ እንደ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ ድርጅቶች የመረጃ ማዕከል ከፍተዋል። ወደነዚህ ሕንፃዎች መረጃ የሚገባው ፋይበር በተባለው የመስታወት ክር ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው። ብርሃኑ የሚቆመው የሰርኪዩት ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ነው። እዚያ ጣት በምታህል ሞጁል ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና እስከ ቺፑ የቀረችውን አንድ ስንዝር ያህል መንገድ በመዳብ መስመር ይጨርሳል። አምራቾች አሁን የተረባረቡት ይህችን ስንዝር ለማሳጠር ነው።

ብዙዎች ምክንያቱ የብርሃን ፍጥነት ይመስላቸዋል፤ አይደለም። በሰሌዳ ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት በሴኮንድ 150,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በፋይበር ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው 200,000 ያህል ነው። ለአንድ ስንዝር ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ችግሩ ብክነት ነው። በአንድ መስመር በሴኮንድ 100 ጊጋቢትና ከዚያ በላይ ሲላክ ኤሌክትሪኩ በመዳቡ ገጽ ላይ ብቻ ተጨናንቆ ያልፋል፤ ሰሌዳው ራሱም ከኃይሉ ይመጣል። በዚህም የምልክቱ ግማሽ ኃይል በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይጠፋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ ይህን ያህል የሚያጣው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው። የደከመውን የመዳብ ምልክት የሚያድሱት ወረዳዎች ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ የበሉትም ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ሙቀቱ ለአዲስ አበባ የተለየ ትርጉም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ባላነሰ አማካይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የአየሩ ቅዝቃዜ ይጠቅማል፤ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ግን ያው ማራገቢያ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

መፍትሔው ብርሃን ለዋጩን ክፍል ከሰሌዳው ጠርዝ አንሥቶ ከቺፑ ጎን በአንድ ማሸጊያ ማስቀመጥ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጆሴፍ ጉድማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፈውበታል። ኢንቴል በ2024 በሁለት አቅጣጫ በድምሩ በሴኮንድ 4 ቴራቢት የሚያስተላልፍ ቺፕ አሳየ፤ ኤንቪዲያም በ2025 በዚህ መንገድ የተሠሩ ስዊቾችን ይፋ አደረገ።

ይህን ያህል ዘመን የፈጀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲሊከን ብርሃን በሚገባ አያመነጭም፤ ሌዘሩ የሚሠራው ኢንዲየም ፎስፋይድን ከመሰሉ ሌሎች ቁሶች ነው። ሌዘር ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ዕድሜው ያጥራል፣ ቺፑ አጠገብ ያለው ስፍራም ሞቃት ነው። ብርሃን የሚያልፍበት የፋይበር እምብርት ስፋቱ 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከቺፑ ጋር ሲገጠም ጥቂት ማይክሮ ሜትር ዝንፍ ካለ ብርሃኑ ይባክናል።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥገናው ይመስላል። ዛሬ ሞጁል ሲበላሽ ባለሙያው ማሽኑን ሳያጠፋ ነቅሎ ሌላ ይሰካል። ብርሃን ለዋጩ ከቺፑ ጋር ከታሸገ በኋላ ሲበላሽ ሰሌዳውን በሙሉ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል፤ መለዋወጫው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ሌዘሩ ከቺፑ ርቆ በማሽኑ ፊት ለፊት የሚሰካባቸው፣ ለብቻው ተነቅሎ የሚቀየርባቸው ዓይነቶች አሉ። መሣሪያ ለመግዛት የሚዘጋጁ ተቋማት ከዋጋው አስቀድመው ይህንኑ በጨረታ ሰነዳቸው ቢጠይቁ ይበጃል።