ጉናን ደጃፋችን ድረስ ያመጣች ካሜራ

አባቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ደብረ ታቦር ቤት ሠርተው፣ ልጆች አሳድገው፣ ተማሪ አስተምረው ኖረዋል። የተወለዱት ግን ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ካለች አንዲት መንደር ነው። በደህናው ጊዜ ለመንደራቸው ንግሥ በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። መኪና የሚደርሰው እስከ ወንዙ ድረስ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ያለውን አቀበት በበቅሎም ሞክረውት አልቻሉም።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ታላቅ ወንድማቸው እዚያው መንደር ሲያርፉ አባቴ ቀብሩ ላይ አልተገኙም። ለቅሶ የተቀመጡት ደብረ ታቦር፣ ከቤታቸው ነው። ስልክ ደውዬ ላጽናናቸው ብሞክር ብዙ አላወሩም። «አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ። የተቀበረበትን እንኳ አላየሁትም» ብለው ስልኩን ለእናቴ ሰጧት።

ሐምሌ ላይ የእቁብ ዕጣ ደረሰኝ። ከባለቤቴ ጋር የተማከርነው ፍሪጅ ልንገዛበት ነበር። እኔ ግን ፒያሳ፣ ካሜራ መሸጫ በር ላይ ቆምኩ። አባቴ ወደ መንደራቸው መሄድ ካልቻሉ መንደሩን ወደ እሳቸው ባመጣውስ? ባለቤቴን ለማሳመን አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የገዛሁት «ሱፐር ዙም» የሚባለውን ዓይነት ካሜራ ነው። ስሙን የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው። ውድ አንባቢያን እንደምታውቁት የዱር እንስሳትና የኳስ ጨዋታ የሚያነሡ ባለሙያዎች የሚይዙት ትልቅ ሌንስ ብቻውን ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ የሚያስወጣበት ጊዜ አለ። ሱፐር ዙም ካሜራ ግን ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተያያዘ፣ የማይፈታ ነው፤ ዋጋውም የአንድ ደህና ስልክ ያህል ነው። እንዲህ ርካሽ ሆኖ እንዴት ያን ያህል ሩቅ ያያል? ለምንስ አይበጅም? ይህን ለመረዳት አንድ ሳምንት ደብረ ታቦር ላይ መቆየትና የአባቴን የሒሳብ ትምህርት መስማት አስፈልጎኛል።

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

ለቡሄ ቤተሰቤን ይዤ ነሐሴ 10 ቀን ደረስኩ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በነሐሴ ብርዱም ጭጋጉም አይጣል ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ለጣና የሚገብሩት ርብና ጉማራ የሚነሡበት ጉና በዚያን ቀን ጭራሹን አልነበረም፤ ደመና ውጦታል።

አባቴ ሳጥኑን አንሥተው አነበቡ። «36 ጊዜ ይላል። ከምን 36 ጊዜ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የአጠቃቀም መመሪያውን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አስረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ካሜራ ሌንስ በሰፊው ሲያይ 25 ሚሊ ሜትር፣ በጠባቡ ሲያይ 900 ሚሊ ሜትር ከሚባለው ሌንስ ጋር እኩል ነው። 900ን ለ25 ሲያካፍሉት 36 ይመጣል። ስለዚህ 36 ማለት ከራሱ ከሰፊው እይታ ጋር ሲወዳደር እንጂ ከሰው ዓይን ጋር አይደለም። ዓይናችን ከሚያየው ጋር ይቀራረባል የሚባለው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። 900ን ለ50 ብናካፍል 18 እናገኛለን። «እንግዲህ በእውነቱ 18 ጊዜ ነው የሚያቀርበው» አሉ። «መንደራችን በቀጥታ መስመር ቢለካ ከዚህ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እንዳለ አድርጎ ያሳየናል ማለት ነው።»

ሌላም ስሌት ጨመሩ። በ900 ሚሊ ሜትር፣ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ነገር ላይ ፎቶው ውስጥ የሚገባው 40 ሜትር ስፋት ነው። በ10 ኪሎ ሜትር 400 ሜትር ይሆናል። ቤተ ክርስቲያኑ 20 ሜትር ስፋት ቢኖረው ከፎቶው አንድ ሃያኛውን ይይዛል። «ትንሽ ነው፤ ግን ይታያል» አሉ።

ገበያ ላይ ያሉትን በዚሁ ሚዛን መመዘን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን ኤስኤክስ50 «50 ጊዜ» የሚባለው ከ24 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ነው። በ2015 የወጣው ኒኮን ፒ900 ደግሞ እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ «83 ጊዜ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ስትገዙ «ስንት ጊዜ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ መጨረሻው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠይቁ።

ለምን ረከሰ?

ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር የሚባለው ክፍል በነዚህ ካሜራዎች ውስጥ በጣም ትንሽ ነው፤ በአብዛኞቹ 6 በ4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው። ትልቁ የባለሙያ ካሜራ ግን 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር አለው፤ በስፋት ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ የእኔ ካሜራ ሌንስ በእውነቱ 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ እንደ 900 ይሠራል። መርከሱም፣ ቦርሳ ውስጥ መግባቱም ከዚህ የመጣ ነው።

ጉዳቱ ብርሃን ላይ ነው። ትንሽ ሴንሰር ትንሽ ብርሃን ይሰበስባል። በዚያ ላይ ሌንሱ እየረዘመ ሲሄድ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል፤ የእኔው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ ያህል ያነሰ ብርሃን ነው የሚያስገባው። ይህን የተማርኩት በቡሄ ዋዜማ ነው።

ነሐሴ 12 ምሽት ችቦ ተለኮሰ። ጅራፉ ይጮኻል፤ ልጄም ከሰፈሩ ልጆች ጋር «ሆያ ሆዬ» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ ሙልሙሉ ኪሱን ሞልቶታል። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ በዙም ላነሣቸው ሞከርኩ። የወጣው ፎቶ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ነበር፤ የልጆቹ ፊት ተዝረክርኮ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሃያ ያህል አንሥቼ ሁሉንም አጠፋሁ። በመጨረሻ ዙሙን ሙሉ በሙሉ መልሼ ከበረንዳው ወረድኩና ልጆቹ መሐል ገባሁ። በሰፊው እይታ፣ ከሁለት ሜትር ላይ፣ በችቦው ብርሃን ያነሣሁት የልጄ ፎቶ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል።

እናቴ የተቆጣችበት ቀን

ከቡሄ በፊት በነበረው ቀን አንድ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። ዙሙን ልፈትን ብዬ ከግቢያችን ማዶ፣ ከሸለቆው ወዲያ ያሉትን ቤቶች አያለሁ። አንዲት እናት ደጃፏ ላይ የልጇን ጠጉር ትሠራለች። ቆንጆ ሆኖ ታየኝና አነሣሁት፤ ለእናቴም አሳየኋት።

«ታውቃለች?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እንዳነሣሃት ነዋ! ሰው ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ የሚያየው ጎረቤት መሆኑን አውቆ ነው። አንተ ሳትታይ ጓዳዋ ድረስ ገባህ። እሷ ብትሆን ይህን ታደርግብሃለች?»

ፎቶውን አጠፋሁት። በማግስቱ እናቴ ይዛኝ ሄደችና ፈቃድ ጠየቅን። ሴትዮዋ ስቃ ነጠላዋን ቀይራ፣ ልጇን አቅፋ ተነሣች። ያንን አሳትመን ሰጠናት። ሱፐር ዙም ለወፍ፣ ለአውሬ፣ ለተራራ ነው። ከጣና ዳር ባለው የፎገራ ሜዳ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚከርሙትን ወፎች ሳያስበረግጉ ለማንሣት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በዚህ ዋጋ አይገኝም። ሰውን ለማንሣት ግን ቀርቦ መጠየቅ ይሻላል።

ነሐሴ 14፣ ጠዋት

የአባቴን መንደር ለማንሣት ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም ነበር። በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ደመናው ሲገለጥ በእጄ ይዤ አነሣሁ። በ900 ሚሊ ሜትር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ ካሜራው ንዝረቱን የሚያረጋጋ ዘዴ ቢኖረውም ልክ አለው። በሁለተኛው «ዲጂታል ዙም» የሚባለውን ከፈትኩ። እሱ ሌንሱ የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ ያለውን ምስል ቆርጦ መለጠጥ ነው። አባቴ አይተው «ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ የገለባ ክምር?» አሉ። ዲጂታል ዙሙን ዘጋሁት፤ እናንተም ዝጉት።

ነሐሴ 13 ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። «ጉና ወጥቷል፤ ቶሎ ና!»

ዝናብ አቧራውንና ጭሱን አጥቦ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀሐይም መሬቱን ስላላሞቀችው ምጣድ ላይ እንደሚንቀለቀለው ያለ አየር አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ ያነሣሁት የተበላሸው በእጄ መንቀጥቀጥ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በድንጋይ አጥሩ ላይ ሩብ ያህል ባቄላ ያለበት ጆንያ አስቀመጥኩና ካሜራውን ጆንያው ላይ አስተኛሁት። መጀመሪያ በሰፊው እይታ ተረተሩን አገኘሁ፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቁልፉን ስጫን እንዳይነቃነቅ ከ2 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሣ አደረግሁት። ሠላሳ አነሣሁ፤ አራቱ ደህና ወጡ።

መብራት ስላልነበረ በቴሌቪዥን ማየት አልቻልንም። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ላይ ጎንበስ አሉ። ቆርቆሮው ጣሪያ፣ ዙሪያውን ያለው ጥድ፣ ዳገቱ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ሆነው የሚታዩ ነጠላ የለበሱ ሰዎች። ምንም አላሉም።

መብራት የመጣው ማታ ነው። በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዝነው። አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሙ፤ ጣታቸውን ትልቁ ጥድ ላይ አደረጉ። ከግርጌው፣ ከአረንጓዴው መሐል ቀላ ያለ አፈር ይታያል።

«ከጥዱ ሥር ነው ያስቀመጡት» አሉ። «አባታችን ጎን ነው። ጥሩ አድርገዋል።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ግንቦት ላይ ያላለቀሱትን ልቅሶ ያን ማታ አለቀሱ። ልጄ እጃቸውን ይዞ አጠገባቸው ቆመ። ማናችንም ቴሌቪዥኑን አላጠፋንም።

ለመግዛት ለምታስቡ

ከዚህች አጭር ልምዴ ጥቂት ልንገራችሁ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር የምትኖሩ ወይም የምትመላለሱ ከሆነ አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚወስደውን ዓይነት አስቡበት። የኔ እንደዚያ ነው። ነገር ግን ለግድግዳ ሰዓት የሚሆነው ርካሹ ድንጋይ ጥቂት ፎቶ አንሥቶ ይደክማል። ተመልሶ የሚሞላ ሁለት ዙር፣ ማለትም ስምንት ድንጋይ ከነመሙያው ግዙ። በብርድ ቶሎ ስለሚደክሙ ትርፎቹን የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ያዟቸው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ሱቁ ውስጥ ዙሙን እስከ መጨረሻው አስወጡት፤ መልሱት፤ አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ቢንኳኳ፣ ቢይዘው ወይም የአሸዋ ድምፅ ቢያሰማ ተዉት። ነጭ ግድግዳ አንሡና ምስሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ ተመልከቱ፤ አቧራ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ማጽዳቱ ዋጋውን ያህል ሊያስወጣ ይችላል። ሰዎች «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ይላሉ። 16 ሜጋፒክስል ለትልቅ ፎቶ ይበቃል፤ ሴንሰሩ ትንሽ ከሆነ ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ብዙም አይጨምርላችሁም። አብዛኞቹ ዝናብ አይችሉም፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡም ሌንሱ እንዳያልበው ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ጥቂት ይቆይ። ቀንና ደጅ ለማንሣት ከሆነ ትደሰቱበታላችሁ። ለምሽት ሠርግና ለቤት ውስጥ ፎቶ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ሌላ ካሜራ ላይ አውሉት።

ከመመለሳችን በፊት ከአራቱ ፎቶዎች አንዱን ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት አሳተምነው። አባቴ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ሰቅለውታል። ከጀርባው በእርሳስ «ስፋቱ 400 ሜትር» ብለው ጽፈዋል፤ የወንድማቸውንም ስም ከሥሩ አክለዋል። በየሳምንቱ ስደውል ጉና ዛሬ ወጥቷል ወይም አልወጣም ብለው ይነግሩኛል።

ፍሪጁ እስካሁን አልተገዛም። ባለቤቴ የሚቀጥለው ዕጣ የእሷ እንደሆነ አስታውቃኛለች።