በመሰላ አካባቢ የሕፃናት ወባን መከላከል፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድርሻና ጥምር ኃላፊነት

መሰላ ወረዳ በሚገኝበት በምዕራብ ሐረርጌ ዞን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአጭር ርቀት ይፈራረቃሉ። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚሰራጨው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ሲሆን፣ ዋናው የመተላለፊያ ወቅትም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የሚመጣ ትኩሳት ሕክምናው ከዘገየ በፍጥነት ወደ ከባድ የደም ማነስ ወይም ወደ አንጎል ወባ ሊሸጋገር ይችላል። በመሆኑም ምርመራና ሕክምና በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይመከራል።

ይህን ርቀት ለማጥበብ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቧል። ባለሙያዎቹ በአመዛኙ ከአካባቢው ተመልምለው አንድ ዓመት የሠለጠኑ በመሆናቸው የእናቶችን ቋንቋና ኑሮ ያውቃሉ። አጎበር በአግባቡ መዘርጋቱንና ሕፃናት ከሥሩ መተኛታቸውን ይከታተላሉ፤ ያቆረ ውሃ እንዲፋሰስ ኅብረተሰቡን ያስተባብራሉ፤ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን በፈጣን መመርመሪያ መርምረው ያክማሉ፤ ከባድ ምልክት ሲያዩም ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ።

የዚህ አቀራረብ ፋይዳ ከፕሮግራሙ በፊትም ታይቷል። ገብረየሱስ ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮ በትግራይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2000 በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት፣ አስተባባሪ እናቶች ጎረቤቶቻቸውን የወባ ምልክት እንዲለዩና ክሎሮኪን ቶሎ እንዲሰጡ ባስተማሩባቸው ጣቢያዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። መድኃኒቱ ዛሬ ቢለወጥም፣ ውጤቱ እናት የትኩሳትን አጣዳፊነት ማወቋና መድኃኒት በቅርብ ማግኘቷ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያስረዳል።

ችግሩ የሚነሣው ከራሱ ከሥራው ባሕርይ ነው። የመከላከል ተግባር ባለሙያዋን ወደየቤቱ ያሰማራታል፤ የሕክምና ተግባር ደግሞ በጤና ኬላው እንድትገኝ ያስገድዳል። የታመመ ልጇን አዝላ ዳገት የወጣች እናት የተዘጋ በር ካገኘች በሚቀጥለው ጊዜ ላትመጣ ትችላለች። ስለዚህ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አንዷ ባለሙያ ቤት ለቤት ስትዞር ሌላዋ በኬላው እንድትቆይ ማድረግ፣ የመመርመሪያና የመድኃኒት ክምችትንም ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ማሟላት ያስፈልጋል። አፈጻጸሙም በተሠራጨው አጎበር ብዛት ብቻ ሳይወሰን፣ ትኩሳት በጀመራቸው ማግስት ሕክምና ባገኙ ሕፃናት ቁጥር ጭምር ሊመዘን ይገባል።