ከጆሮ አጥንት የተገኘ የዘር ታሪክ

ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዘር ውርስ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ስለ ሞታ ዋሻ አነሳለሁ። ከዓባይ ማዶ ያለችውን የጎጃሟን ሞጣ ማለቴ አይደለም፤ ይህ ዋሻ የጋሞ ደጋ ውስጥ ነው። የአገር ሽማግሌዎች ቦታውን ጠቁመው፣ አርኪዮሎጂስቶቹ ካትሪን እና ጆን አርተር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ሲቆፍሩ 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው የወንድ አፅም ወጣ። ስሙንም ባይራ አሉት።

ሙቀት ዲኤንኤን ቶሎ ስለሚበጣጥሰው ከአፍሪካ ጥንታዊ አጥንት ሙሉ የዘር መረጃ ማውጣት ሲያስቸግር ኖሯል። ባይራን የጠቀመው የዋሻው ቅዝቃዜና የውስጥ ጆሮን ያቀፈው ጠንካራ አጥንት ነው። አጥንቱ ተሰርስሮ ዱቄቱ ይወሰዳል። ባለሙያው ጓንትና ጭንብል ካላደረገ የራሱ ዲኤንኤ ይገባበታል። የጥንቱ ዲኤንኤ የሚታወቀው በጉዳቱ ነው፤ ቁርጥራጮቹ አጫጭር፣ ጫፎቻቸውም በዕድሜ ብዛት የተለወጡ ናቸው።

ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ባይራ ዓይነ ቡናማ፣ ጥቁር ሰው ነበር። ካደጉ በኋላ ወተት ለመፍጨት የሚያስችሉት የታወቁ የዘር ለውጦች አልተገኙበትም። አየር በሚሳሳበት ደጋ ለመኖር ከመላመድ ጋር የተያያዙ ምልክቶች ግን ነበሩት።

«መልኩስ?» ይሉኛል ተማሪዎቼ። የአፍንጫና የከንፈርን ቅርጽ ብዙ ዘረመሎች ተባብረው ስለሚወስኑት ዲኤንኤ ብቻውን ፊት አይስልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የወሎ ጥያቄ ነው፦ «የማን ዘር ነው?» ከዛሬዎቹ ሕዝቦች በጣም የሚቀርቡት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው። እኛን ጨምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከ3,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ከምዕራብ እስያ በኩል የመጣ ዘር ተቀላቅሎብናል፤ ባይራ ከዚያ በፊት ስለኖረ የቅልቅሉ መለኪያ ሆነ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ቅልቅሉ መላ አፍሪካን አዳርሷል ብለው ነበር፤ የኮምፒውተር መረጃ አያያዝ ስሕተት ሲገኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ያንን ድምዳሜ አረሙት።

እንግዲህ አፅም ብቻውን ዝምድና አይናገርም። የዛሬ ሰዎች ናሙና ባይሰጡ ኖሮ ባይራን ከማን ጋር ያስተያዩት ነበር? ሽማግሌዎቹም ባይጠቁሙ ዋሻው አይቆፈርም ነበር። እዚህ ወሎም ቦሬናና ሳይንት ገደልና ዋሻ ሞልቷቸዋል። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን የምመክራቸው፦ አሮጌ አጥንት ብታዩ አታንሱት፣ አታጥቡት፤ ቦታውን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።