ያየ ሰው ይናገር

ገለምሶ፣ ጫት የሚጫንበት ቦታ አጠገብ መኪና ስጠብቅ ስልክ ቁጥር የምጽፍበት ብጣሽ ወረቀት አጣሁ። ጭነት የሚመዘግበው ሰው ካለቀ የደረሰኝ ጥራዝ ላይ አንድ ቅጠል ገንጥሎ ሰጠኝ። በአንድ በኩል በካርቦን የተላለፈ ሰማያዊ የዋጋ ቁጥር አለ። ገልበጥ ሳደርገው በእስክሪብቶ፣ በተጣበበ ጽሕፈት፣ «አባዬ፣ ያን ቀን በሩን ለምን ቆለፍክብኝ?» ይላል። ሰውየው ድንገት አይቶ ተቀበለኝና ሌላ ሰጠኝ።

ጥያቄው አልለቅ ስላለኝ ተመልሼ ፈለግሁት። አርባዎቹን አጋምሷል። ስሙን እንዳልጽፍ ቃል አስገብቶኝ ማውራት ጀመረ፤ ከጀመረ በኋላ ግን ማቆሚያ አልነበረውም።

«ቀበቶው አይደለም እህቴ። አቦ፣ በኛ ዘመን ቀበቶ ያልቀመሰ ማን አለ? በርበሬ አጭሶብኝ፣ በሩን ከውጭ ቆልፎ፣ ከጎረቤት ጋር ቆሞ ሲስቅ ይሰማኛል። እኔ እያሳለኝ እሱ ይስቃል። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ሳቁ ነው።» ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለማንም አልተናገረም። መጻፍ የጀመረው የገዛ ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ነው። «እጄን ላነሳበት ስል ፊቱን በክንዱ ከለለ። እኔን ራሴን አየሁት። የዚያኑ ሌሊት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። የጭነት ቁጥር ተሳስቼ አላውቅም፤ የአባቴን ስም ስጽፍ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ቤትን ግን በስም አይጠራም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን ማሰቃየት ያስቀጣል ካለ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ ተገቢ የሆነን የልጅ ቅጣት ከወንጀልነት ያወጣል። በርበሬ ማጠን በየትኛውም ሚዛን ተገቢ ሊባል አይችልም። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ተበድሎ አርባ አምስት ለሞላው ሰው ግን ይርጋው አልፏል፣ የበደለውም ሞቷል። ለእንዲህ ያለው ሰው ምን እንደታሰበ የጠየቅኋቸው አንድ ኃላፊ ስለ ሕፃናት ዕቅድ ብዙ ነገሩኝ። «ያደጉትስ?» ስላቸው ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ። ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሱም።

ጉዳቱ ከልጅነት ጋር የሚያልፍ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ቪንሰንት ፌሊቲና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ 9,508 አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያሳለፉት፣ ምንም ካላሳለፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በመጠጥና በዕፅ ሱስ፣ በድብርት፣ ራስን ለማጥፋት በመሞከር ከ4 እስከ 12 እጥፍ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ሌላው አሜሪካዊ፣ ጄምስ ፔነቤከር፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ምሽቶች ለ15 ደቂቃ አስጻፈ። ስለደረሰባቸው ክፉ ነገር ሁነቱንና ስሜቱን አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው ባሰባቸው፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። እንግዲህ መጻፍ መጀመሪያ ያማል፤ ይህን ሳያውቅ የሚጀምር ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ሊያቆም ይችላል።

የገጣሚውን የለምን ሲሳይን ታሪክ ሳነብ ግን ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ። ለምን በ1967 እ.ኤ.አ. ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት ተማሪ ተወለደ። እናቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ለጥቂት ጊዜ እንዲያዝላት ብትጠይቅ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛው በራሱ ስም ኖርማን ብሎ ሰይሞ ለቋሚ አሳዳጊዎች ሰጠው። አሳዳጊዎቹ 12 ዓመት ሲሆነው ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መለሱት፤ ዳግመኛም አልጠየቁት። ከአንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሮ፣ ሊወጣ ሲል የልደት ምስክር ወረቀቱንና እናቱ በ1968 ልጄን መልሱልኝ ብላ የጻፈችውን ደብዳቤ አገኘ። እናቱን ጋምቢያ ድረስ ሄዶ ሲያገኛት 21 ዓመቱ ነበር።

ግጥም ይጽፍ የነበረው ከልጅነቱ ነው፤ መጻሕፍት አሳትሟል፣ ስሙ ገንኗል። ግን ማሳደጊያ ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈውን ሙሉ ፋይል ሲጠይቅ ኖሮ የተሰጠው በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ሊያውም 48 ዓመቱ ላይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለደረሰበት ጉዳት የጻፈውን ሪፖርት፣ እሱ ራሱ አስቀድሞ ሳያየው፣ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር መድረክ ላይ ተዋናይት እንድታነብለት አደረገ። ተመልካች ሞልቶ ተቀምጧል፤ እሱም ወንበር ላይ ሆኖ ከሕዝቡ ጋር እኩል ይሰማል። ከሁለት ዓመት በኋላ «ስሜ ለምን ነው» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ የፋይሉን ገጾች እንዳሉ አስገባቸው። የሠራተኞቹ ማስታወሻና የእሱ ትዝታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነበባሉ።

የገለምሶው ሰው ፋይል የለውም፤ ታላቅ እህቱ ግን አለች። የጻፈውን መጀመሪያ ያነበበው ለእሷ ነው። «ዝም ብላ ሰማችኝና፣ እማዬ ያን ቀን ሦስት ቤት ሄዳ ድረሱልኝ ብላ ነበር አለችኝ። ማንም አልመጣም። እኔ እኮ እናቴም የተወችኝ ይመስለኝ ነበር! ሠላሳ ምናምን ዓመት እናቴን በከንቱ ተቀይሜ ኖርኩ።» የኢቱ ኦሮሞዎች የሚመክሩበት የኦዳ ቡልቱም ዛፍ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ይህን ሳነሳበት ድምፁ ከፍ አለ፦ «ለአንድ በሬ ሽማግሌ ይቀመጣል። ለኔ ጀርባ ማን ተቀመጠ?»

አሁን በሳምንት አንድ ቀን ከእህቱ ጋር ተቀምጠው አንድ ቅጠል ያነባሉ። ምርቃና ፍለጋ መሮጡን ቀንሷል፤ በልጁ ላይም እጁን አላነሣም። እንቅልፉ ግን አሁንም ሙሉ አይደለም፤ ወረቀት ሐኪምን እንደማይተካ እሱም ያውቃል።

ያኔ ሦስቱ ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምናልባት ዛሬም በሕይወት አሉ። እንዲህ ያለ ቤት አጠገብ የኖራችሁ፣ ጩኸቱን የሰማችሁ አክስቶች፣ ጎረቤቶች፣ ታላላቆች፦ ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ሄዳችሁ ያያችሁትን ንገሩት፤ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም በሉት። «ሆድ ይፍጀው» አትበሉ።