የሦስት ኪሎው ጠመንጃ

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል በሚኒሶታዋ ኒው ሆፕ ከተማ ውስጥ ብርቱካናማ ጃኬት የሚለብስ ሰው ይበዛል። በግዛቱ አጋዘንን በጠመንጃ ማደን የሚከፈተው ያኔ ነው፤ አዳኝ በጫካ ውስጥ ከሩቅ እንዲለይ ደማቅ ቀለም መልበስ ግዴታው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ዘንድሮ አብረኸን ወደ ሰሜን ትወጣለህ» ያሉት ሐበሻም ጠመንጃ መሸጫ ገብቶ ይጠይቃል፦ ቀላል ሆኖ ለሁሉም የሚሆን የቱ ነው? ሻጩ ሐቀኛ ከሆነ መልሱ አጭር አይሆንም።

በዚህ ጥያቄ ላይ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረ ሰው አሜሪካዊው የተኩስ አሠልጣኝ ጄፍ ኩፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሪዞና በሚገኘው ማሠልጠኛው ጠመንጃ ሠሪዎችንና ተኳሾችን ሰብስቦ «ስካውት» ያለውን ጠመንጃ መስፈርት አወጣ። ርዝመቱ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ክብደቱ ከነመነጽሩና ከነማንገቻው 3 ኪሎ ገደማ እንዲሆን፣ ጥይቱም በየትም የሚገኘው .308 እንዲሆን። ብቻውን በእግሩ የሚሄድ ሰው እስከ 200 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በአንዲት ጥይት የሚጥልበት መሣሪያ ማለቱ ነበር። የኦስትሪያው ሽታየር ማንሊኸር ይህን ሐሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1998 የራሱን ስካውት ለገበያ አወጣ።

ሦስት ኪሎ ሲባል ሰው ደስ ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው እሱ ነውና። ዋጋው የሚታወቀው ቃታው ሲሳብ ነው። ጥይቷ ወደፊት በወጣችበት ግፊት ልክ ጠመንጃው ወደኋላ ይመጣል፤ ጠመንጃው ከቀለለ የሚመጣበት ፍጥነት ይጨምራል። ያንኑ ጥይት የሚተኩስ 4.5 ኪሎ ጠመንጃ ወደ 3 ኪሎ ቢወርድ ትከሻን የሚመታበት ጉልበት በግማሽ ያህል ያድጋል። ርግጫውን የፈራ ተኳሽ ደግሞ ቃታውን ሳይጨርስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አጋዘኑም መንገዱን ይቀጥላል። ቀላል ጠመንጃ ሌላም አመል አለው፤ እጅ ላይ አይረጋም። ዳገት ወጥቶ ያለከለከ ሰው ትንፋሹና የልቡ ምት አፈሙዙን ያወዛውዙበታል። ከባዱ ግን በራሱ ክብደት ይሰክናል።

አፈሙዙን ማሳጠርም ማቅጠንም ክብደት ይቀንሳል። ሲያጥር ባሩዱ ጥይቷን የሚገፋበት ርቀት ስለሚያንስ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ጩኸቱና ብልጭታው ይብሳል። ሲቀጥን ቶሎ ይግላል፤ ከጥቂት ተኩስ በኋላም የጥይቱ ማረፊያ ሊሸሽ ይችላል። አዳኝ ለዚህ ብዙም አይጨነቅ፤ እሱ የሚፈልገው ከቀዝቃዛ አፈሙዝ የምትወጣውን የመጀመሪያዋን ነው። የኩፐር መስፈርት እኔን የማይጥመኝ መነጽሩ ላይ ነው። ተኳሹ ሁለት ዓይኑን ገልጦ እንዲያነጣጥር፣ ከላይ ጥይት ለማጉረስም እንዲመች ብሎ መነጽሩን ከዓይን አርቆ ወደፊት አስቀመጠው። ለአሪዞና ፀሐይ ይሁን። የሚኒሶታ አጋዘን ግን ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ለዓይን የቀረበ መነጽር ይሻላል።

ይህን የክብደትና የጉልበት ሒሳብ የእኛ ሰዎች ቀድመው በጦር ሜዳ አይተውታል። የቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ኮሪያ ሲገባ የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ነበር፤ ኤም 1 ጋራንድና ኤም 1 ካርባይን። ጋራንዱ ባዶውን 4.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ካርባይኑ 2.4። ካርባይኑ መጀመሪያ የተሠራው ዋና ሥራው ውጊያ ላልሆነው ወታደር ነበር፤ ከሽጉጥ የተሻለ፣ ከጋራንድ የቀለለ ነገር እንዲኖረው። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ከአምራቾቹ መካከል የጽሕፈት መኪና ሠሪው አንደርውድና የሙዚቃ ማጫወቻ ሣጥን ሠሪው ሮክ ኦላ ነበሩበት። ቅለቱ የተገኘው ግን ከጥይቱ ተቀንሶ ነው፤ የካርባይኑ ጥይት ጉልበት የጋራንዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በኮሪያ ክረምት ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች በብርድ ይነክሳል፣ ጠላትንም አይጥልም ብለው አማረዋል። ሁለተኛው አቤቱታ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ስቶ ጠመንጃን የሚወቅስ ተኳሽም አይጠፋም። የብርዱ ነገር ግን ለሚኒሶታ ሰውም ይሠራል፦ ዘይት ይወፍራል፣ ጓንት የለበሰ ጣት በቃታው ቀለበት ውስጥ በቀላሉ አይገባም፣ ከውጭ ሞቅ ወዳለ ቤት የገባ ብረትም ያልበዋል።

በገጠራችን ጠመንጃ ከተተኮሰበት ጊዜ የተነገተበት ይበልጣል፤ ገበያ፣ ሠርግ፣ ልቅሶ አብሮ ይውላል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተገዛው አጭር ሞዘር፣ ቤልጅጉ፣ ለዚህ ኑሮ የተመቸ ነበር። ይሁንና ለሁሉም የሚሆን ጠመንጃ ማለት በመጀመሪያ ጥይቱ የሚገኝ ማለት ነው። በአድዋ ዘመን ውጅግራው፣ ረሚንግቶኑና ቬተርሊው እያንዳንዱ የየራሱን ጥይት ይፈልግ ነበር፤ ስንቅ ለሚያደራጅ ሰው ምን ያህል ራስ ምታት እንደነበር መገመት ይቻላል።

በጥይት በኩል የኒው ሆፕ ሰው ዕድለኛ ነው። በስተሰሜን አኖካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው ፌዴራል ካርትሪጅ ዛሬም ያመርታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይኸው ኩባንያ አርደን ሂልስ አካባቢ የነበረውን የመንግሥት የጥይት ፋብሪካ ያስተዳድር ነበር፤ ከዚያ የወጣ ቀለህ ግርጌው ላይ «ቲ ደብልዩ» የሚል ምልክት አለው። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል፤ የከርሰ ምድር ውኃውን መበከሉ ታውቆ ጽዳቱ ዓመታት ፈጅቷል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ካርባይኖችና ሞዘሮች በአስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገበያ ደርሰዋል። የሚገዟቸው በአብዛኛው ሰብሳቢዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን ይዞ አደን ልውጣ የሚል ቢኖር ካርባይኑ ለትልቅ አጋዘን ጉልበት ያንሰዋል። ቤልጅጉ ጉልበት ሞልቶታል፤ ግን ያንን 7.92 ሚሊሜትር ጥይት በዚያ አጭር አፈሙዝና በዚያ የብረት ሰደፍ መርገጫ የሚተኩስ ሰው፣ ከትከሻው ላይ ወፍራም የሚኒሶታ ጃኬት ቢኖር ይሻለዋል።